ቤቱን በቀን፣ ሰፈሩን በሌሊት

ልጄ፣ ደላላ ቤት የሚያሳይሽ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ሠራተኛው ቢሮ፣ ተማሪው ትምህርት ቤት፣ ባጃጁ አስፋልት ላይ ነው። ግቢው ጭር ብሎ፣ ወለሉ ታጥቦ፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ታገኚዋለሽ። ደላላው «ሰላም ሰፈር ነው፣ ኮሽ የሚል ነገር የለም» ቢልሽ ዋሸ አይባልም፤ በዚያ ሰዓት እውነትም ኮሽ የሚል የለም። አንቺ ግን የምትከራዪው የሌሊቱን 7 ሰዓት፣ የንጋቱን 11 ሰዓት፣ የእሑድን ከሰዓት፣ የሐምሌን ዝናብ ጭምር ነው። ጎንደር ሆስፒታል ተመድበሽ ከከተማችን ከትክል ድንጋይ ለመሄድ ስትሰናጂ እናትሽ ስለ ኪራዩ ዋጋ ትጨነቃለች፤ ልክ ናት። እኔ የሚያስጨንቀኝ እንቅልፍሽ ነው። ሌሊት ተረኛ ሆና ያደረች ነርስ ቀን ካልተኛች፣ በማግሥቱ በእጇ የምትይዘው መርፌ ያስፈራኛል።

እንደምታውቂው ዕድሜዬን ያሳለፍኩት በሳኒታሪያንነት ነው። በ1947 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ከጤና መኮንኖችና ከነርሶች ጎን እንደኔ ያሉትን ሲያሠለጥን፣ ቤት ገብተን ምን ማየት እንዳለብን አስተምሮናል፤ ውሃው ከየት ይመጣል፣ ፍሳሹ ወዴት ይሄዳል፣ አየሩ በየት ይገባል። ድምፅን ከእነዚህ እኩል የሚያይ ሰው ግን ዛሬም ጥቂት ነው። «ድምፅ አስቸገረኝ» ያለ ሰው እንደ ቀበጥ ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ያወጣውን ግምት ልንገርሽ፤ በምዕራብ አውሮፓ ብቻ የትራፊክ ድምፅ በየዓመቱ ቢያንስ 1 ሚሊዮን የጤናማ ሕይወት ዓመት ያሳጣል። ከዚያ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው የተረበሸ እንቅልፍ ነው፤ በድምፅ መማረር ይከተለዋል። ለደህና እንቅልፍ መኝታ ክፍል ውስጥ ያለው ድምፅ ከ30 ዴሲቤል ባይበልጥ ይመከራል። በእኛም አገር መመዘኛ አለ። ለመኖሪያ ሰፈር የተፈቀደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት 55 ዴሲቤል፣ ከዚያ በኋላ እስኪነጋ 45 ነው። ሁለት ሰዎች ተቀራርበው ሲጨዋወቱ ድምፃቸው 60 ገደማ ይደርሳልና፣ ሕጉ ሌሊት ላይ በመስኮትሽ ሥር ሰው ቆሞ ከሚያወራው ያነሰ ድምፅ ነው የፈቀደው ማለት ነው። ስልክሽ ላይ የድምፅ መለኪያ ጫኚ። ልኩን ባይነግርሽም ሁለት ክፍሎችን ለማወዳደር ይበቃል።

«እኔ የትክል ድንጋይ ልጅ ነኝ፣ የትም ብሆን እተኛለሁ» ትዪኝ ይሆናል። በሰሊጥ ወቅት ከሁመራ የሚመጣው የጭነት መኪና በከተማችን መሃል ሲያልፍ ሌሊቱን እየሰማሽ አድገሻል። ጅቡንም ዶሮውንም የቤተ ክርስቲያኑንም ደወል ለምደሻል። ግን የለመድሻቸው ድምፆች ሁሉ ሰዓታቸው የታወቀ፣ ምንነታቸውም የታወቀ ነው። እንቅልፍ የሚነሣው መቼ እንደሚመጣ የማይታወቅ፣ ድንገት ጀምሮ ድንገት የሚያቆም ድምፅ ነው። ሌሊቱን ሙሉ እኩል የሚያጉረመርም መንገድ ዳር የሚተኛ ሰው፣ በሌሊት ሦስት ጊዜ ብቻ በሩ «ጓ» ከሚልበት ሰው የተሻለ ሊተኛ ይችላል። ስለዚህ ሰፈሩን ስትሰሚ የድምፁን ብዛት ብቻ ሳይሆን ጠባዩንም ስሚ። ማህሌትና ቅዳሴ፣ አዛን፣ የጠዋት የትምህርት ቤት ደወል ሰዓታቸውን ያውቃሉ። ጆሮሽ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ይቀበላቸዋል። ድምፅ ማጉያው ፊቱን ወዴት እንዳዞረ ብቻ ቀና ብለሽ እዪ፤ ወደ መኝታ ክፍልሽ መስኮት ካፈጠጠ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን ቤት ብትፈልጊ ይሻልሻል።

ከደላላው ጋር ካየሽ በኋላ ለብቻሽ፣ ቢቻል ከጓደኛ ጋር ተመለሺ። መጀመሪያ ማታ ከ3 ሰዓት በኋላ ሂጂ፤ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ቢሆን እመርጣለሁ። የአውሮፓ ቻምፒዮንስ ሊግ ያለ ዕለት ጨዋታው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ይጀምርና ሊጠናቀቅ ሌሊት 7 ሰዓት ይቃረባል። ኳስ የሚያሳይ ቤት ከአጥር ማዶ ካለ በዚያ ሰዓት ጎል ሲገባ ሰፈሩ ሁሉ ይነግርሻል። ቀጥሎ ጎሕ ሲቀድ፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ሂጂ። ባጃጆች ከየግቢው የሚነሡት፣ የብረት በሮች የሚከፈቱት ያኔ ነው። የመንደሩ መንገድ ኮብልስቶን ከሆነ ባጃጅ ሲያልፍበት ከአስፋልቱ ይልቅ እንደሚንኳኳ አስተውዪ። ሦስተኛው መብራት የጠፋ ዕለት ነው፤ ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። መብራት ሲኖር ፀጥ ያለ ሰፈር፣ ሲጠፋ የሆቴሉና የባንኩ ጄነሬተር ይነሣበታል፤ ጭስ ማውጫው በየት በኩል እንደሆነ ያኔ ብቻ ነው የምታውቂው። ወፍጮ ቤት አቅራቢያ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ቀን መብራት ጠፍቶ ማታ ሲመጣ፣ እህሉን ያስቀመጠው ሰው ሁሉ ተሰልፎ ወፍጮው እስከ እኩለ ሌሊት ይፈጫል። ባለወፍጮውን አትውቀሺው፤ ሰው እንጀራ መብላት አለበት። ግን ከወፍጮ ቤት ግድግዳ ጋር የተያያዘ ክፍል ለነርስ አይሆንም። ቀኑንም ሌሊቱንም ይወስድብሻል።

ቀን መተኛት ያለበት ሰው የከተማ ካርታው ከሌላው ሰው ይለያል። አራዳ ገበያ አካባቢ ጫጫታው ሲመሽ ይበተናል፤ ለባንክ ሠራተኛ ምንም አይደለም፣ ላንቺ ግን ጫጫታው ያለበት ቀን የመኝታሽ ሰዓት ነው። ፒያሳ ተቃራኒው ነው፤ ማታ መጠጥ ቤቱና ሙዚቃው፣ ጠዋት ላይ ፀጥታው። ማራኪ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ስላለ ተማሪ ይበዛበታል፤ ወጣት ሲሰበሰብ ድምፅ አለ፣ ዓመቱ ሲያልቅ ግን ቤቱ ባዶ ይሆናል። አዘዞ የባሕር ዳሩና የመተማው መንገድ የሚገናኙበት ስለሆነ ከባድ መኪና አይቋረጥበትም። ዳገት ያለበት መንገድ ደግሞ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከአዘዞ ወደ ፒያሳ የሚወጣውን መንገድ ታውቂዋለሽ፤ የተጫነ መኪና ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀንስ የሚያሰማውን ማቃሰት ሜዳ ላይ አታገኚውም። በተመሳሳይ ኪራይ ሁለት ቤት ቢቀርብልሽ፣ አንዱ ዳገቱ ላይ ሌላው ሜዳው ላይ ከሆነ፣ አታመንቺ።

ጎንደር በአንገረብና በቀሃ መካከል በኮረብታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ይህም ለጆሮ የራሱ ጣጣ አለው። ሲመሽ መሬቱ ይቀዘቅዛል፤ ከመሬቱ አጠገብ ያለውም አየር ከላይኛው ይልቅ ይቀዘቅዛል፤ ድምፅም ወደ ላይ ከመበተን ይልቅ ወደ ምድር እየታጠፈ ራቅ ብሎ ይሄዳል። ቀን ከወንዙ ማዶ የማይሰማው የሰርግ ሙዚቃ ሌሊት አጠገብሽ የተተከለ የሚመስለው ለዚህ ነው። ስለዚህ በረንዳ ላይ ቆመሽ ስትመለከቺ የጎረቤቱን አጥር ብቻ አትዪ፤ ከሸለቆው ማዶ ያለውን ገደል፣ እዚያ ያለውን የሆቴል ሰገነት፣ የተዘረጋውን ዳስ እዪ። በዓይን በቀጥታ የሚታይ ቦታ ሁሉ በጆሮም ይደርሳል። በመሃል ሌላ ሕንፃ ወይም የኮረብታ ጫፍ ካለ ግን ብዙውን ያስቀርልሻል።

አሁን ወደ ክፍሉ እንግባ። አብዛኛው አዲስ ሠራተኛ ጎንደር ላይ የሚያገኘው ሰርቪስ ክፍል ነው፤ ከዋናው ቤት ጀርባ በረድፍ የተሠሩ አራት አምስት ክፍሎች። እዚህ ላይ ቀና ብለሽ ኮርኒሱን እዪ። ከዚያ አከራይዋን አስፈቅደሽ አንዱን የኮርኒስ ጥግ ገፋ አድርጊና በስልክሽ መብራት ወደ ላይ ተመልከቺ፤ በክፍልሽና በጎረቤትሽ መካከል ያለው ግድግዳ ቆርቆሮው ድረስ ይደርሳል ወይስ ኮርኒሱ ላይ ያቆማል? ብሎኬት ለመቆጠብ ብዙ ጊዜ ኮርኒሱ ላይ ያቆሙታል። እንዲያ ከሆነ ከላይ ያለው ባዶ ቦታ ለሁላችሁም የጋራ ነው፤ የጎረቤትሽ ሳል፣ የስልኩ ወሬ፣ የሕፃኑ ለቅሶ በግድግዳው ባይገባ በላይ ዞሮ ይመጣል። ጓደኛሽን ከጎን ካለው ክፍል በራፍ አቁሚና ዝቅ ባለ ድምፅ ታውራ፤ ቃል በቃል ከሰማሻት ክፍሉ ላንቺ አይሆንም፤ ዋጋ ቢቀንሱልሽም።

ብሎኬቱ ራሱ ውስጡ ባዶ ስለሆነ፣ ካልተለሰነ ድምፅ አይይዝም። በሁለቱም በኩል በሲሚንቶ የተለሰነ ግድግዳ ካልተለሰነው እጅግ ይሻላል፤ ልስን የሌለበት ግድግዳ በየመጋጠሚያው ድምፅ ያሳልፋል። ጭቃ ቤት ብዙ ሰው ይንቀዋል እንጂ በደንብ የተመረገ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ከስስ ብሎኬት ይልቅ ድምፅ ያፍናል። ፒያሳ ላይ ጣሊያን ከ1928 እስከ 1934 ጎንደር ላይ በቆየበት ዘመን ካሠራቸው ቤቶች አንዱ ውስጥ የመከራየት ዕድል ቢገጥምሽ ግድግዳውን ዳስሽው፤ ውጭ ያለውን ሁካታ እንዴት እንደሚያስቀር ትገረሚያለሽ። ግን የግድግዳው ውፍረት የሚጠቅምሽ መስኮቱ በደንብ የሚዘጋ ከሆነ ነው። ድምፅ እንደ ውሃ ቀዳዳ ይፈልጋል፤ ከበሩ ሥር ያለችው ሁለት ጣት የምታህል ክፍተት ግድግዳውን ዋጋ ታሳጣዋለች። እሷን ግን በትንሽ ገንዘብ በጎማ ወይም በጨርቅ ትዘጊያታለሽ፤ ስለዚህ ክፍተትን አይተሽ ተደራደሪ እንጂ አትሽሺ። የማትጠግኚውን ለይተሽ እወቂ፦ መንገዱን፣ ወፍጮውን፣ ኮርኒሱ ላይ ያቆመውን ግድግዳ። ቆርቆሮውንም አትርሺ። በጥቅምት የተከራየ ሰው በሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮው ከበሮ ሆኖበት በክፍሉ ውስጥ በስልክ ማውራት ሲያቅተው ያዝናል። ኮርኒሱ ወፍራም ከሆነና ከቆርቆሮው ሰፊ ርቀት ካለው ዝናቡ ይለዝባል። ማዳበሪያ ጆንያ ብቻ የተወጠረበት ከሆነ ምንም አያስቀርም።

ከግቢው ውስጥ የሚመጣው ድምፅ ከውጭው ይልቅ ብዙ ጊዜ ይከብዳል፤ በጣም ማጥናት ያለብሽም እሱን ነው። ተከራዮቹ ስንት ናቸው? ባጃጅ ያለው ማነው? የብረት በሩ ማታ ስንት ሰዓት ይዘጋል፣ ከዚያ በኋላ የመጣ ሰው በምን ይገባል? ሌሊት ቆርቆሮ የሚያንኳኳ ሰው ካለ መክፈቻ ለሁሉም ቢሰጥ ችግሩ ይቀላል፤ አንቺም ማታ ስትገቢ ሰው አታስነሺም። ውሻው ታስሮ ይውላል ወይስ ሌሊት ይለቀቃል? ጎንደር ላይ ደግሞ የውሃ ጣጣ አለ። የአንገረብ ግድብ በደለል ተጎድቶ ከተማይቱ ከውሃ ጥም ያልተላቀቀች ስለሆነ ውሃ በፈረቃ ነው፤ ፈረቃውም ሌሊት ሊሆን ይችላል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ አንዱ «ውሃ መጣች!» ሲል ግቢው ሁሉ ይነቃል፤ ጀሪካኑ ይንኳኳል፣ ቧንቧው ያፏጫል፣ ሴቶቹ ተራ ይከራከራሉ። አንቺም ትነሻለሽ። ለዚህ መድኃኒቱ ሮቶ ነው። ግቢው ውስጥ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ካለና ለተከራዮችም የተዘረጋ ከሆነ፣ የሌሊቱን እንቅልፍ ገዛሽ ማለት ነው። ሮቶው የባለቤቷ ብቻ ሆኖ ተከራይ በጀሪካን የሚቀዳበት ግቢ ብዙ ነውና፣ ቧንቧውን ተከትለሽ ወዴት እንደሚሄድ እዪ።

የሙያዬ ነገር ሆኖ ሽንት ቤቱን ሳላነሣ አላልፍም። የጋራ ሽንት ቤት አንድ ግቢ እርስ በርሱ እንዴት እንደሚኖር ሁሉን ይነግርሻል። ንጹሕ ከሆነ ተራ ያለበት፣ ሰው የሚተሳሰብበት ግቢ ነው። እንዲያ ያለ ግቢ ሬድዮንም በልክ ያሰማል። የቆሻሻ ገንዳ ከመስኮትሽ አጠገብ ካለ፣ ቦዩ ከቆመ፣ ተዪው።

ስለ ጎረቤት ላውራሽ፤ እስካሁን ያልኩት ሁሉ ከዚህ በታች ነው። ጎንደር ድሮም ሰፈሯን በነዋሪዋ የምትጠራ ከተማ ናት። አቡን ቤት፣ እጨጌ ቤት ሲባል፣ ሰፈሩ ምን ይመስላል ከማለት በፊት ማን ይኖርበታል የሚለው መልስ አገኘ ማለት ነው። አንቺም እንደዚያው ጠይቂ። ግን «ሰፈሩ ሰላም ነው ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሰው ለማያውቀው እንግዳ ሰፈሩን አያማም፣ «ሰላም ነው» ይልሻል፣ ያልቃል። ጥግ ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጠውን የጉሊት ሴት ሂጂና ትንሽ ነገር ግዢ፤ ከዚያ «እትዬ፣ ማታ ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚያነሡት?» በያት። «ኧረ እስከ ሁለት ተኩል እቆያለሁ» ካለችሽ መንገዱ ሰው አለበት፣ ሴትም አትፈራበትም ማለት ነው። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው የማነሣው» ካለችሽ ለምን እንደሆነ ጠይቂያት፤ ስለ ሰፈሩ ከደላላው ሳምንት ወሬ የበለጠ ትነግርሻለች። ሱቁ ውስጥ ያለውን ልጅ ደግሞ ሌሊት የሚበጠብጥ ሲኖር ማን እንደሚወጣ ጠይቂው። የሚወጣ ሰው ያለበት ሰፈር ውስጥ ትኖሪያለሽ።

ክፍሉን የሚለቀውን ተከራይ ማግኘት ከቻልሽ ሌላ ጥያቄ አያስፈልግሽም። አከራይዋ በሌለችበት «ስንት ጊዜ ቆየህ? ለምን ትወጣለህ?» በይው። ሥራ ቀይሮ የሚሄድ ሰውና ተማሮ የሚሄድ ሰው ፊታቸው ይለያል። ክፍሉ በአጭር ጊዜ ብዙ ሰው የተፈራረቀበት ከሆነ ምክንያቱን ሳታውቂ ቀብድ አትክፈዪ።

አንድ ነገር ግን ልብ በዪ። ጆሮሽን ስትጠብቂ ጨርሶ ድምፅ የሌለበትን ሰፈር እንዳትመርጪ። ማታ የሕፃናት ጨዋታ የማይሰማበት፣ ቡና ሲወቀጥ የማይሰማበት፣ ግንቡ ከፍ ብሎ በሩ የማይከፈትበት መንገድ አለ፤ አንዲት ወጣት ሴት ከምሽት ተረኛነት ስትመለስ የምታልፍበት መንገድ እንዲያ ያለ ባይሆን ደስ ይለኛል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው ባዶ አባባል አይደለም፤ እኛ ትክል ድንጋይ ሆነን ብንሰማ ቶሎ አንደርስልሽም። መንገዱ በተዘጋበት ቀን ደግሞ ጨርሶ ላንደርስ እንችላለን። ነሐሴ 2015 ጎንደር ላይ የሰዓት እላፊ ሲታወጅ ከሥራቸው ርቀው የተከራዩ ምን ያህል እንደተቸገሩ አስቢ። ከሆስፒታሉ በእግርሽ የምትደርሺበት፣ ጥቂት ጫጫታ ያለበት ሰፈር፣ ርቆ ከተቀመጠ ፀጥተኛ ሰፈር እኔ ዘንድ ይበልጣል።

የዛሬውን ድምፅ ካየሽ የነገውንም ገምቺ። አጠገቡ ባዶ ቦታ ላይ ድንጋይና አሸዋ ተከምሮ ካየሽ በቅርቡ ግንባታ ይጀመራል፤ ሲሚንቶ ማቡኪያው ለዓመት ሁለት ዓመት አጠገብሽ ይሠራል። ፎቅ ላይ የምትከራዪ ከሆነ ከታች ያለው ሱቅ ምን እንደሆነ እዪ፤ ፋርማሲ ወይም ልብስ ሰፊ ከሆነ እሰየው። ተዘግቶ «የሚከራይ» የተለጠፈበት ከሆነ ግን ነገ ግሮሰሪ ሊሆን ይችላል። ኮንዶሚኒየም ላይ ይህ በተለይ ይታያል። ዳስ የሚጣልበት ሜዳ አጠገብ ከሆንሽ ጥር ላይ የሰርጉ ወራት ይጠብቅሻል፤ በፋሲል መዋኛ ዙሪያ ከሆንሽ ደግሞ ከጥር 10 ጀምሮ ከተማው ሁሉ እንግዳሽ ነው። በሱ ግን አትማረሪ፤ ጥምቀትን ጎንደር ሆኖ ማክበር የሚመኝ ስንት ሰው አለ። ተረኛነትሽን ብቻ አስቀድመሽ አስተካክዪ።

ቤቱ ከተስማማሽ በቃል አትለያዪ፤ ጻፊው። በ2016 የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና በ30 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ፣ አከራይ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ፣ ውሉም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። በክልል ከተሞች ላይ የሚሠራው ክልሉ በሚወስናቸው ውስጥ ነውና ከመፈረምሽ በፊት ቀበሌውን ጠይቂ። አዋጁ ቢሠራም ባይሠራም ግን የጻፍሽው ውል ይጠቅምሻል። በሩ የሚዘጋበትን ሰዓት፣ የመብራት ቆጣሪው ለብቻሽ ይሁን የጋራ፣ ከሮቶው ውሃ የማግኘት መብትሽን፣ ሌሊት ተረኛ መሆንሽንና በመክፈቻሽ የመግባት ፈቃድሽን በግልጽ አስገቢበት። የሌሊት ሠራተኛ መሆንሽን ቀድመሽ ስትናገሪ አንዳንድ አከራይ ይሸሻል። ይሽሽ፤ በኋላ ከምትጣዪ ያኔውኑ መለያየት ይሻላል።

ገብተሽ ስትደላደዪ በመጀመሪያው እሑድ ቡና አፍዪና የግቢውን ሴቶች ጥሪ። ሥራሽን ንገሪያቸው፤ ማክሰኞ ሌሊት ሰርተሽ ረቡዕ ቀን እንደምትተኚ ያወቀች ጎረቤት ልጇን «እህትህ ተኝታለች» ብላ ታስቆመዋለች። ያላወቀች ግን ለምን ታስቆመዋለች? ሰፈሩ እድር ካለው ተከራይም ይቀበል እንደሆነ ጠይቂና ግቢ። የሰፈሩ ሰው ሲያዝን አብረሽ ከተቀመጥሽ፣ አንቺም ስታማርሪ ይሰሙሻል።

ይህ ሁሉ ሆኖ ከሦስት ወር በኋላ በመስኮትሽ ሥር ግሮሰሪ ቢከፈትና ስፒከሩን ወደ ውጭ ቢያወጣ፣ መጀመሪያ ሂጂና ባለቤቱን ቀን፣ ደንበኛ በሌለበት፣ በትሕትና አነጋግሪው፤ ብዙ ሰው ስፒከሩን ወደ ውስጥ ማዞር አይከብደውም። ካልሆነ ከአከራይሽና ከሌላ ጎረቤት ጋር ሆናችሁ ሽማግሌ ላኩ። ያም ካልሆነ ሰዓቱንና ቀኑን እየመዘገብሽ፣ በስልክሽ የለካሽውንም ጨምረሽ፣ ወደ ቀበሌውና ደንብ ማስከበሩ ሂጂ። ሕግ ከጎንሽ ነው። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለሀብት ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ድምፅ፣ ጭስ፣ ሽታ በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል፤ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ድምፅን ከብክለት ይቆጥረዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላም መተኛት ካልቻልሽ ውል ለማክበር ብለሽ ጤናሽን አትጨርሺ። በውሉ መሠረት ማስታወቂያ ስጪና ሰኔ መጨረሻ ላይ ማራኪ አካባቢ ፈልጊ፤ ተማሪው ሲወጣ ክፍል ይለቀቃል፣ ዋጋም ለድርድር ይመቻል። ስታዪ ግን እንደገና ማታ ሂጂ።